የከተማችንን ምክር ቤት ማስታወቂያዎች በአማርኛ ለማድረስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በዋሺንግተን ዲሲ፣ በተለይም በጆርጂያ ጎዳና ዙሪያ የምትኖሩ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤

ጁን 29 ቀን 2025 የከተማችን አውቶቡሶች መጠሪያና መስመር በአንድ ቀን ተለወጠ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናታችን ወደ ሐኪም ቀጠሯቸው ለመሄድ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ቆመው ለዓመታት የተሳፈሩበትን 70 ቁጥር ይጠብቁ ነበር። ግንባራቸው ላይ «ዲ40» የተጻፈባቸው ሁለት አውቶቡሶች ፊታቸው ቆመው በር ቢከፍቱም «የኔ አይደለም» ብለው አሳለፏቸው። የድሮው 70 ዲ40 መባሉን ዘግይቶ የደረሰ ጎረቤት ሲነግራቸው ቀጠሮው አልፎ ነበር። ለውጡ በድብቅ የተደረገ አይደለም፤ ከወራት በፊት ተወስኖ ሲነገር የቆየ ነው። እሳቸው ዘንድ ግን በሚሰሙት ቋንቋ አልደረሰም።

እንዲህ ያለው ወሬ የሚነገርባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የከተማው ምክር ቤት 13 አባላት ያሉት ሲሆን፣ 8ቱ አንድ አንድ ዋርድ (የከተማው የምርጫ ክልል) ይወክላሉ፤ ሊቀ መንበሩን ጨምሮ 5ቱ ደግሞ በመላው ከተማ ሕዝብ ይመረጣሉ። አባላቱ በኢሜይል በሚልኩት ደብዳቤ የትኛው መንገድ እንደሚቆፈር፣ የትኛው የድጋፍ ማመልከቻ መቼ እንደሚዘጋ፣ በየትኛው ረቂቅ ሕግ ላይ የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰማ ያስታውቃሉ። ከእነሱ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 2,000 ያህል ነዋሪዎችን የሚወክሉ፣ በየ2 ዓመቱ የሚመረጡና ደመወዝ የማይከፈላቸው የኤኤንሲ (የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን) ኮሚሽነሮች አሉ። እነዚህ ስለ መጠጥ ፈቃድና ስለ ግንባታ የሚሰጡትን ምክር የከተማው መሥሪያ ቤቶች ክብደት ሰጥተው እንዲያዩት ሕግ ያስገድዳል። በእኛ እምነት፣ ምግብ ቤት ለመክፈት ያሰበ ወገናችን ከማንም ባለሥልጣን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የሰፈሩን ኮሚሽነር ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ስሙን እንኳ አናውቅም።

በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ከደረሱ፣ ከሁለቱ ያነሰው ተወስዶ፣ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ እንዲተረጎሙ ያዝዛል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የአማርኛ ቅጽ የምናገኘው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። የምክር ቤት አባላቱ ሳምንታዊ ደብዳቤ ግን ቅጽ አይደለም፤ ሰኞ ተጽፎ ዓርብ የሚያረጅ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ሦስት ሆነን ከሥራ መልስ እየተረጎምን በድምፅና በጽሑፍ ማሰራጨት ጀመርን። በመጀመሪያ ድካም ለመቀነስ ብለን የኮምፒውተር ትርጉም ሞክረን ነበር፤ «ዋርድ 4»ን የሆስፒታል ክፍል አደረገው፤ በመላው ከተማ የተመረጠውን፣ በእንግሊዝኛ «አት ላርጅ» የሚባለውን የምክር ቤት አባል ደግሞ «በቁጥጥር ሥር ያልዋለ» ብሎት አረፈ። ስቀን ተውነው። የራሳችን ስህተት ግን አላሳቀንም። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚደረገውን ስብሰባ በፈረንጅ አቆጣጠር «7 ሰዓት» ብለን ስለጻፍን፣ ሁለት አባቶች ከቀኑ 7 ሰዓት ሄደው የተዘጋ በር ገጥሟቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በድካም የሚሠራ ትርጉም ያለ አራሚ መውጣት እንደሌለበትም ተምረንበታል።

እርዳታ የምንጠይቀው ይህን ሥራ በቋሚነት ለማስኬድ ነው። ለትርጉምና ለእርማት በሳምንት 90 ዶላር፣ በዓመት 4,680 ዶላር ያስፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ በእንጀራ መሸጫዎች፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚለጠፍና የሚታደል 400 ወረቀት ለማተም በአንድ ዙር 60 ዶላር፣ በዓመት 1,560 ዶላር ይሆናል። ለመቅረጫና ለማይክሮፎን አንድ ጊዜ የሚወጣው 260 ዶላር ሲጨመር ጠቅላላው 6,500 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,150 ዶላር ከራሳችን አዋጥተናል፤ የቀረው 5,350 ዶላር ነው።

ከምክር ቤት አባልም ሆነ ከእጩ ተወዳዳሪ ገንዘብ አንቀበልም። ማንን ምረጡ አንልም፤ የተባለውን እንደተባለ እናደርሳለን። መዋጮው በዕድራችን ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ይሰበሰባል፤ የወጣው ሁሉ በየሦስት ወሩ በዚያው በምንለጥፈው ወረቀት ጀርባ ይታተማል። ገንዘብ የማይመቸው ወገን የሱቁን ግድግዳ አንድ ጥግ ቢፈቅድልን፣ ወይም ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ሰው በወር አንድ ጊዜ ቢያነብልን እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ዕረፍት ላይ ስለሆነ ወደ ሥራ የሚመለሰው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው። እኛም የመጀመሪያውን የታተመ ወረቀት በዚያው ሳምንት ለማውጣት ስላሰብን፣ መዋጮው እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚወጣውም የአዲሶቹ የአውቶቡስ መጠሪያዎች ዝርዝር፣ ከድሮ ቁጥራቸው ጋር ነው።