ባይፖላር ላለበት ሰው የሚያስፈልገው የደም ምርመራ ሌላ ነው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በጤና ዓምዳችሁ የደም ኢንዛይሞችን በመለካት ባይፖላርን (ስሜትን ከልክ በላይ በመሟሟቅና በድባቴ መካከል የሚያመላልሰውን የአእምሮ ሕመም) መለየት ይቻላል የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ኮዬ ፈጬ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ እውነተኛ ሳይንስ አለ፤ ርዕሱ ግን ሳይንሱን ጥሎት ሄዷል።

ተመራማሪዎቹ ለምን እንደሚደክሙ ይገባኛል። ባይፖላር ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሲከፋው ነው፤ ሞቅ ባለው ሰሞንማ ማን ታመምኩ ይላል? ስለዚህ ድባቴ ነው ተብሎ ይታከማል፣ ሕመሙ እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደዚያ ከልክ ያለፈ የስሜት መሟሟቅ፣ ይከተዋል። ይህን አስቀድሞ የሚያሳይ የደም ምልክት ቢገኝ እኔም ደስ ይለኛል።

ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ ካታሌዝ፣ ግሉታቲዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሕዋሳትን ከኦክሲጅን ጉዳት ይከላከላሉ። በታማሚዎችና በጤነኞች አማካይ ውጤት መካከል ልዩነት ያገኙ ጥናቶች አሉ። ሆኖም አንዱ ከፍ ብሏል ሲል ሌላው ዝቅ ብሏል ይላል፤ ምንም ልዩነት ያላዩም አሉ። ተመሳሳይ ለውጥ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመምና በድባቴም ይታያል። ሲጋራ ማጨስ ያዛባዋል፤ የሚወሰደው መድኃኒትም እንዲሁ። በዚህ ላይ የብዙ ሰው አማካይ ፊቴ ስለተቀመጠው አንድ ሰው የሚነግረኝ ነገር የለም።

የኛን ሰፈር ጣጣ ልጨምርበት። እነዚህ ኢንዛይሞች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሞልተዋል። ደም በቀጭን መርፌ በጥድፊያ ሲሳብ፣ ወይም ቲዩቡ በሞተር ተጭኖ በኮረኮንች ሲንገጫገጭ ሕዋሱ ይፈነዳል። ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ቢጫ መሆን የነበረበት የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ሴረም፣ እንደ ከርከዴ ቀልቶ ይገኛል። ከዚያ ላይ የተነበበ ቁጥር ስለ ሰውዬው ስሜት ምን ሊል ይችላል?

ጽሑፋችሁ ከወጣ በኋላ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና «ዶክተር፣ ይቺን ሥራልኝ» አሉኝ፣ ስክሪኑን ወደ ፊቴ አስጠግተው። ልጃቸው ሌሊት አይተኛም፣ የቤቱን ቴሌቪዥን ሽጦ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው አድሏል። ጠበልም ወስደውት ነበር። «እማማ፣ ይሄ ምርመራ እኛ ጋ አይሠራም፤ ለሕክምና የትም አይሠራም» ስላቸው «ገንዘብ ይዣለሁ እኮ» አሉኝ። ባይፖላር የሚታወቀው የሥነ አእምሮ ባለሙያ ልጁንም ቤተሰቡንም ጠይቆ መሆኑን፣ የታይሮይድ ምርመራ የሚያስፈልገውም የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ማኒያ ሊመስል ስለሚችል እንደሆነ አስረዳኋቸው። መስማታቸውን እንጃ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ለባይፖላር ግድ የሚል የደም ምርመራ አለ፤ ሊቲየም የሚባለው መድኃኒት በሚወስደው ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ሊቲየም ማኒያን እንደሚያበርድ ያሳተመው በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ መድኃኒቱ ዛሬም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ችግሩ በሚረዳውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በአብዛኛው የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ሲሆን፣ ከ1.5 ካለፈ አደጋ ነው። ተቅማጥ ከፍ ያደርገዋል። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክም ከፍ ያደርገዋል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰውም ሐኪሙን ማማከር አለበት። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው መድኃኒት ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሊቲየም ሄፓሪን ባለበት ቲዩብ ከተቀዳ ደግሞ ውጤቱ በሐሰት ይንራል። ኩላሊትና ታይሮይድም በየጊዜው መታየት አለባቸው።

ኩላሊትን የሚያሳየው የክሬአቲኒን ምርመራ እኛ ጋ ይሠራል። የሊቲየም ምርመራ ግን አይሠራም፤ ናሙና የምንልክበት ላቦራቶሪም ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል የሚለን ጊዜ አለ። ስለዚህ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያስመልሰው፣ አረማመዱ የተዛባ ታማሚ ሲመጣ መመረዙን በቁጥር የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም፤ መኪና ፈልጎ ወደ መሃል ከተማ መላክ ነው።

ጋዜጠኛ ብትመድቡ አንድ ነገር ጠይቃችሁ አትሙልን፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከገላን ለሚነሳ ታማሚ ሊቲየም የሚለካበት ቅርብ ቦታ የት ነው? ስንት ያስከፍላል? ውጤቱስ በስንት ቀን ይደርሳል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከኮዬ ፈጬ