ታንክ ለገበሬው ይሰጥ ለሚሉት

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን የሞዴል ፎቶ አይቼ ደስ አለኝ። አንድ ወጣት በ1፡35 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሶ፣ የሠራው ታንክ መድፉ ወልቆ፣ ቢጫ ተቀብቶ፣ ከኋላው ማረሻ ተገጥሞለታል። እጁ ይባረክ። ከፎቶው ሥር ግን አሮጌ ታንኮች ትራክተር ሆነው ለገበሬው ይሰጡ የሚል ሐሳብ አስፍራችኋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ዶዘርና ትራክተር ሥር ተጋድሜ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ ተሞክሯል። የተሞከረውም ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ የምግብ ዘይት ቸግሯት ነበር። መንግሥቷ በታንጋኒካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት መንጥሮ ኦቾሎኒ ሊዘራ ተነሳ። ሥራው በ1947 እ.ኤ.አ. ኮንግዋ በሚባል ቦታ ተጀመረ። በቂ ትራክተር ግን ከየት ይምጣ? ፊሊፒንስ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ትቶት ከሄደው ትርፍ ዕቃ ያገለገሉ ማሽኖች ተለቃቅመው መጡ። ወራት ሳይቆዩ አብዛኞቹ ተበላሽተው ቆሙ። ቪከርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ ሸርማን የተባለውን የአሜሪካ ታንክ አካል ወስዶ ሸርቪክ የሚባል ትራክተር ሠራላቸው። ወጣቱ የሠራው ሞዴል ሊሆን የሚፈልገው ይህንኑ ማሽን ነው ማለት ይቻላል።

ውጤቱስ? በጥር 1951 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱ ተዘጋ። 36 ሚሊዮን ፓውንድ ውኃ በላው። ጥፋቱን ሁሉ በታንኩ ላይ አልጭንም። ዝናቡ አነሰ፣ ሸክላው አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ የባኦባብ ዛፎቹም እንዲህ በቀላሉ የሚነቀሉ አልነበሩም። ቢሆንም ከጦር ሜዳ የተረፈ ብረት ርካሽ ነው ብሎ የተነሳ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚመስል ኮንግዋ ታሳያለች።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ትራክተር ቀኑን ሙሉ በዝግታ እየሄደ ይጎትታል። ካምቢዮውም ሰንሰለቱም የሚሠሩት ለዚህ ነው። ታንክ የሚሠራው ለሌላ ነው። ፈጥኖ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይፈተለካል። ዝግ ያለ ረጅም ጉተታ ላይ ብታውሉት የሚጎዳው ራሱ ነው። በአገራችን በደንብ የምናውቀውን ቲ-55 እንውሰድ። 36 ቶን ይመዝናል፣ ሞተሩ 580 የፈረስ ጉልበት አለው። በደህና መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 960 ሊትር ናፍታ ይጠጣል። ማሳ ላይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አብዛኛው ገበሬያችን ያለው መሬት አንድ ሄክታር አካባቢ ነው። ቲ-55 እዚያ ማሳ ላይ ሁለቴ ቢዞር ለቡቃያ የሚሆን አፈር አይተርፍም፤ ጠቅጥቆት ይሄዳል። መለዋወጫውንስ ማን ያመጣል?

ይህን ስል ግን ታንክ ሁሉ ለብረት ማቅለጫ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ክብደቱና ብረቱ ራሱ ሥራ የሚሆንበት ቦታ አለ። ከሁሉ የምወደው የኩዌት ታሪክ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የኢራቅ ጦር ሲያፈገፍግ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጠለ። ለማጥፋት ዓመታት ይፈጃል የሚል ግምት ነበር። ከመጡት የእሳት አደጋ ቡድኖች አንዱ ከሃንጋሪ ነበር። ይዞት የመጣውን ማሽን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ከታች አሮጌ ቲ-34 ታንክ፣ ከላይ በመድፉ ቦታ ሁለት የሚግ-21 ተዋጊ አውሮፕላን ጄት ሞተሮች! ውኃ በቱቦ ይመጣለታል። ከዚያ የጄቱ ትንፋሽ ውኃውን ይዞ እሳቱ ላይ ይወረውረዋል፤ ነበልባሉንም ከሚፈነዳው ነዳጅ ላይ ይቆርጠዋል። ቀለል ያለ ተሽከርካሪ ቢሆን ሁለት ጄት ሲነሳ ወደ ኋላ በተንሸራተተ ነበር። ሙቀቱም በጠበሰው ነበር። ታንኩ ግን ባለበት ይቆማል። ማሳውን የሚያበላሽ ክብደት እዚህ ጥቅም ሆነ። የመጨረሻው ጉድጓድ በዚያው ዓመት በኅዳር ተዘጋ። በእርግጥ ሥራው የብዙ አገር ቡድኖች ነበር፤ ይህ ማሽን ብቻውን አልጨረሰውም።

ካናዳ ውስጥም ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ክፍለ አገር እንጨት ቆራጮች የሸርማንን አካል ወስደው ድንጋይ መብሻ ማሽን ጭነውበታል። ለግንድ ማውጫ መንገድ ሲጠርቡ ቋጥኙን የሚበሱት በዚህ ነበር። ገደላማ፣ ድንጋያማ፣ ጎማ የማይቆይበት ቦታ ነው። እዚያ ቢሆን እኔም ታንኩን እመርጣለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በ1990 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አገሮች፣ አሜሪካና ካናዳ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሆነው የጦር መሣሪያ ለመቀነስ ሲፈራረሙ፣ ጥቂት ታንኮች ለሲቪል ሥራ እንዲቀየሩ ፈቅደው ነበር። የአንድ አገር ድርሻ ከ750 እንዳይበልጥ ገደብ አበጅተዋል። ከተፈቀዱት ሥራዎች መካከል ዶዘር፣ እሳት ማጥፊያ፣ ክሬን፣ የድንጋይ ካባ ማሽንና የነፍስ አድን ተሽከርካሪ ይገኙበታል። በሺዎች የሚቆጠረው የቀረው ታንክ ግን ተቆራረጠ። እነሱ ገንዘብም ፋብሪካም ነበራቸው። እንዲያም ሆኖ አብዛኛውን መቁረጥ ነበር የቀለላቸው።

ስለዚህ የእኛም ብረት ወደ ማቅለጫ ቢሄድ ቅር አይበለን። ፌሮ ሆኖ ይወጣል። በደህና ከቆሙት ሁለት ሦስቱን ለነዳጅ ዴፖ እሳትና ለድንጋይ ካባ ማሰብ ይቻላል። ይህንንም ቢሆን መጀመሪያ ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ይጠየቅ።

ወጣቱን ግን አደራ እንዳይተው ንገሩልኝ። የ1፡35 ልክ ራሱ የመጣው እኮ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲሠራ ባትሪው ውስጡ እንዲገባለት ብሎ ነው። የሞዴል ታንክ ናፍታም አይጠይቅም፣ አፈርም አይጠቀጥቅም። ቀጥሎ የሃንጋሪውን ማሽን ይሞክር። ሲሠራው አንድ ነገር አይርሳ፦ የቡድኑ አለቃ ታንኩ ውስጥ አልነበረም፤ መቆጣጠሪያውን ይዞ ውጭ፣ ከማሽኑ አጠገብ ይራመድ ነበር። እሱንም ይጨምርልኝ፤ ፎቶውን ታወጡታላችሁ ብዬ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የከባድ ማሽን መካኒክ፣ ከአዳማ