ከቅጠሉ ሥር

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ሳትናደድ አትቀርም። ልክ ነህ። መጀመሪያ መልስ ለመጻፍ ጊዜ አጣሁ፣ ቀጥሎ ስለዘገየሁ አፈርኩ፣ ከዚያ በኋላ ሃፍረቱ ራሱ ሰበብ ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጫካ ውስጥ ተንበርክኬ ቅጠል ስገልጥ አንተ ትዝ አልከኝ።

ምን ልትሠራ ተንበረከክ አትለኝም? ጂኦካሺንግ በሚሉት ነገር ተለክፌያለሁ። አንዱ ሣጥን ይደብቅና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በጂፒኤስ፣ ማለትም ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ቦታ በሚጠቁመው መሣሪያ፣ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ካገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፍና እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። አለቀ። የትልልቅ ሰዎች አኩኩሉ በለው።

አጀማመሩም ደስ ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ማዛባቱን አቆመ። ወዲያው ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሰው አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ ቢሆን አይፈቀድለትም፤ ምግብ አውሬ ይጠራላ።

ለዚህ ነገር ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት የሚያህል የለም። ቢጫው ቀለም ቅጠሉ ውስጥ በጋውን ሙሉ ነበር አሉ፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ አረንጓዴው ይከስምና ቢጫው ብቅ ይላል። ቀዩ ግን አዲስ ነው፣ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል የሚሠራው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቀይ ዛፍ ሳይ ቆም ሳልል አላልፍም።

ችግሩ ያ ሁሉ ውበት መሬት ሲወርድ ሣጥኑን ይቀብረዋል። ስልኩ «ደርሰሃል» ይልሃል፣ ደርሰህ ግን የትም አልደረስክም። ዛፍ በበዛበት ምልክቱ እየነጠረ ስለሚመጣ አሥር ሜትርም ሊስት ይችላል። እዚያ ላይ ስልኩን ኪስህ ከተህ በዓይንህ መፈለግ ነው። ተፈጥሮ እንጨት ደርድራ አታስቀምጥም። የተደረደረ ነገር ካየህ የሰው እጅ አለበት።

እኔ አርባ ደቂቃ ዞርኩ። እርጥብ ቅጠል አንሸራቶኝ በቂጤ ተቀመጥኩ፣ ደግነቱ ያየኝ ሰው የለም። አንተ ብትኖር አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም ነበር። የጠፋብኝን ቁልፍ ሁሌ የምታገኝልኝ አንተ አልነበርክ? በመጨረሻ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ በቅርፊት የተሸፈነች የፕላስቲክ ሣጥን አገኘሁ። ደብተር፣ እርሳስ፣ ጥቂት መጫወቻዎች። መጫወቻ ከወሰድክ ተመጣጣኙን ወይም የሚበልጠውን መተካት አለብህ፤ እኔ ምንም አልነካሁም።

ደብተሩን ሳገላብጥ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አየሁ። ከዓመት በኋላ፣ በዚሁ ወቅት፣ እንደገና ሁለቱ። በሦስተኛውም ዓመት። አንዴ ያገኙትን ሣጥን ተመልሶ መፈረም ያገኘሃቸውን ሣጥኖች ቁጥር አይጨምርልህም፤ ሰዎቹ የሚመጡት ለቁጥር አልነበረም ማለት ነው። በአራተኛው ዓመት ግን ያለው አንዱ ስም ብቻ ነው። ሌላው ምን እንዳገኘው አላውቅም። ሥራ በዝቶበትም ይሆናል። ወይም እንደኔ ዝም ብሎ ይሆናል።

ግንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ስሜን ጻፍኩና ከጎኑ ትንሽ ቦታ ተውኩ።

የቦታውን ቁጥር እዚህ ላይ አልጽፍልህም። መልስ ከጻፍክልኝ እልክልሃለሁ። ስትመጣ ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርግ፣ እርሳስም ያዝ፤ እዚያ ያለው ዶልዱሟል።

ያው ጓደኛህ