ሳይጨልም ግባ

ልጄ፣

እህትህ ትናንት ደውላ ነገረችኝ። ብቻህን፣ በሳይክል፣ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ከአልቤሮቤሎ እስከ ሌውካ። ራስህ ያልነገርከኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። እናትህም ገብቷታል፤ ከሰማች ጀምሮ ሻይ ስታፈላ እንኳ አታወራም። 27 ሊሞላህ ነውና አልከለክልህም። ብከለክልህስ መቼ ትሰማኛለህ፣ የማን ልጅ ሆነህ!

እህትህን «አይዞሽ፣ መኪና የማይበዛበት ጸጥ ያለ መንገድ ነው» አልካት አሉ። ይቺን ቃል ሰምቼ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ሳይጨልም ግባ። በጥቅምት አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አለፍ እንዳለ ነው። በሀበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፣ በነሱ 18። ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንተ እግርህን ታጥበህ መገኘት አለብህ።

አገሩን አውቀዋለሁ። አንተ ሳትወለድ አልቤሮቤሎ ባለበት ሸለቆ፣ ቫሌ ዲትሪያ ውስጥ ሦስት ዓመት ካብ ስክብ ኖሬያለሁ። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። መሬቱ ቀይ ነው፣ የወይራው ቅጠል ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ብርማ። ትሩሎ የሚሉት ቤታቸው ጎጆ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል፤ ሣሩ በድንጋይ የተተካ ጎጆ። ድሮ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ጣራውን ያፈርሱት ነበር ይባላል፣ ቤት አይደለም ለማለት። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ከሎኮሮቶንዶ ወደ ቺስተርኒኖ በትልቁ መንገድ አትሂድ። በካብ መካከል የሚሄዱ ቀጫጭን መንገዶች አሉ፣ አንድ ጋሪ ካሳለፉ ተመስገን የሚያሰኙ። የእውነት ያምራሉ። ግን ስማ። ካቡ መታጠፊያው ላይ ዓይንህን ይጋርድሃል። ከወዲያ በኩል በአፔ፣ በነሱ ባጃጅ፣ የወይራ መረብ የጫነ ሽማግሌ ይመጣል። ያቺን መታጠፊያ ዕድሜውን ሙሉ ማንም ሳይገጥመው አልፏታል። ለምን ፍሬን ይይዛል? ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ሹፌሩም ማንም የለም ብሎ ነው የሚነዳው። በቀን ቢያንስ ያይሃል። ስለዚህ ሳይጨልም ግባ።

ከቺስተርኒኖ ወርደህ እስከ ቼሊየ ሜሳፒካ የውሃ መስመሩን ጥርጊያ ትይዛለህ። እዚያ ላይ መኪና የለም፣ ልክ ነህ። ጠጠር ነውና ቀጭኑን ጎማ ይዘህ እንዳትሄድ። አኩዌዶቶ ፑሊየዜ ነው፣ ትልቁ የውሃ መስመር። ሥራውን በፈረንጅ በ1906 ጀመሩት፣ ውሃው ባሪ የደረሰው በ1915 ነው። ከካፖሴሌ ምንጭ ተነስቶ፣ ተራራ ሰንጥቆ የሚመጣ ውሃ ነው። አንተ ላዩ ላይ ትሄዳለህ፤ ከሥርህ ወንዝ እየፈሰሰ አንድ ጠብታ አታገኝም። ካቡን ስንሠራ ይህን የማያውቅ አንድ ልጅ ራሱን ስቶብናል። በየከተማው አደባባይ ቁልፏን ተጭነህ የምትቀዳባት አጭር የብረት ቧንቧ አለች። ባየሃት ቁጥር ኮዳህን ሙላ። ግማሽ አለኝ ብለህ አትለፋት።

ወደ ደቡብ ስትወርድ ደግሞ ጥላ አትጠብቅ። ዚሌላ የሚሉት በሽታ በፈረንጅ በ2013 ጋሊፖሊ አካባቢ ታየና ወይራውን ፈጀው። የብዙ መቶ ዓመት ዛፍ ቆሞ ደርቋል፣ ግንዱ አመድ መስሏል። አታልቅስ አልልህም፣ እኔ አልቅሼበታለሁ።

ውሻ ካባረረህ በፔዳል አታምልጥ። ውረድ፣ ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርግና ቀስ ብለህ ሂድ። ቅዳሜና እሁድ አዳኞች ጥሻ ውስጥ ይገባሉ፤ በሕጋቸው ማክሰኞና አርብ ብቻ ነው የማይታደነው። አንጸባራቂውን ሰደርያ በቀንም ልበሰው። ከከተማ ውጭ በጨለማ ሕጉ ራሱ ያስገድድሃል፤ አንተ ግን በጨለማ ውጭ አትገኝም፣ ተግባብተናል?

የክርስትና አባትህን እግር ታውቀዋለህ። ልጅ ሆናችሁ አረማመዱን እየቀዳችሁ ስትስቁ እሱም አብሯችሁ ይስቅ ነበር። የምቆጣው እኔ ነበርኩ። «ከሳይክል ወድቄ ነው» ነው ያላችሁ። አልወደቀም።

ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ በ1991 በፈረንጅ፣ እኔና እሱ ፎጃ ሜዳ ላይ ቲማቲም እንለቅም ነበር። ክፍያው በካሶኔ ነው፣ በዚያ በትልቁ ሣጥን። የምናድረው ጣራው የተበሳ ባዶ የገበሬ ቤት ውስጥ ነበር። ስልክ ያለው ከተማ ነው፣ በሳይክል አርባ ደቂቃ። ሁለት የውሰት ሳይክልና አንድ የእጅ ባትሪ ነበረን። እሁድ አመሻሹ ላይ ሄድን። ጄቶኔ፣ የስልኩን ሳንቲም፣ አዋጥተን ገዛን። መጀመሪያ እኔ ደወልኩ። አያትህ አነሳች። ከሷ እህቴ ተቀበለች፣ ከእህቴ ጎረቤት። ሳንቲሙ አለቀ። እሱ ከግንቦት ጀምሮ የእናቱን ድምፅ አልሰማም ነበር። ያን ቀንም ሳይሰማ ቀረ።

ስንመለስ ጨልሟል። ቢሰድበኝ ደግ ነበር። ዝም አለኝ። ዝምታው ሲያቃጥለኝ ፔዳሉን ረገጥኩና ጥዬው ሄድኩ፣ ባትሪውን እንደያዝኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር፣ ጸጥ ያለ፣ ልክ አንተ ለእህትህ እንደነገርካት ዓይነት። ከኋላዬ ድስት ከቁም ሳጥን ላይ የወደቀ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ መኪናው አለፈኝ። አልቆመም። ተመልሼ ቦዩ ውስጥ ሳገኘው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሳይክሉስ?» ብሎ ነው። የሰው ሳይክል ነበራ።

ባትሪው እኔ እጅ ነበር። ይህን ለእናትህም ነግሬያት አላውቅም። እሱ ግን አንድ ቀን አላነሳብኝም። አንተ ስትወለድ «ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ» ብሎ ከማንም በፊት የመጣው እሱ ነው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ልነግረው እየፈለግሁ፣ ምን እንደምለው ሳላውቅ ቀረሁ። ይቅርታ ልለው ስጀምር ስለ እግር ኳስ ያወራብኛል።

ለማንኛውም። ካላማዳሪ ሁለት ያዝ፣ ፖምፓም። የመጀመሪያ ሰሞን ጎማ ተንፍሶብኝ ፎጃ የሳይክል ጋራዥ ገባሁ። ጣልያንኛ ገና አልችልም። እኛ ሰፈር ጎማ ጠጋኙ እንደሚለው «ካላማዳሪ!» አልኩት። ሽማግሌው ፍርፍር ብሎ ሳቀና የምፈልገውን አወጣልኝ። ፍሬንም፣ ካቴናም፣ ማኑብሪዮም ከነሱ የመጡ ናቸው። ግማሹን ቋንቋቸውን ሳይክል ላይ ሆኜ እችለው ኖሯል!

እናትህ «ጽጌን የምትጾም ከሆነ አትቸገር» ትላለች። «ፋቬ ኤ ቺኮሪያ» በላቸው፤ የባቄላ ክክ በደንብ ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ ከጎኑ ጎመን መሳይ መራራ ቅጠል። ሽሮ ነው፣ በርበሬው ብቻ ነው የቀረው። ከሷ የበርበሬ ብልቃጥ ይደርስሃል፣ ክዳኑን በላስቲክ እሰረው። ጠጅ ቤታቸው ገብተህም ጠርሙስ ሲከፈት ፊትህን ዞር አድርግ። ኤርትራዊው ሳይክለኛ ቢንያም ግርማይ በ2022 ጂሮ ዲታሊያ ላይ ያን ሁሉ ተራራና ቁልቁለት ችሎ፣ ያሸነፈ ዕለት መድረክ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ ወጣ። ፎቶውን ግድግዳህ ላይ የሰቀልክ አንተ ነህ፣ እኔ አልነግርህም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት መብራት አለ። ቀዩ ለኋላ ነው። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ አንዱ ሳይክሉ ላይ ይታሰር፣ አንዱ ኪስህ ይሁን። ለምን ሁለት አትበለኝ። ማታ ማታ ቻርጅ አድርጋቸው። እንድትጠቀምባቸው አይደለም የላክኋቸው፣ ሳይጨልም ትገባለህና።

ሌውካ የውሃው መስመር የሚያልቅበት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ትልቅ ፏፏቴ ሠርተውለታል፣ ግን የሚለቁት ለበዓል ለበዓል ነው፤ ደረቅ ደረጃ ብቻ ብታይ አትናደድ። እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ አዲስ አበባ ደውል፣ ለክርስትና አባትህ። የፈለገውን ያህል ያውራ፣ አታቋርጠው፣ ካርድ አለቀ እንዳትለው። ለኔ ኋላ ትደውላለህ።

አባትህ