ለኮምቦልቻው ወንድሜ፤ ስለ ኖታና ስለ ቀረጻ

ከደሴ

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እናትዬስ? እኛ ደህና ነን፤ የደሴን ብርድ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ለሚያህል መንገድ እንዲህ መጠፋፋታችን ለሰው ቢነገር ያስቃል። ጥፋቱ የሁለታችንም ስለሆነ ተካክሰን እንለፈውና ወደ ጠየቅኸኝ ልግባ፤ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ቴነር ሳክስ፣ አንድ ትሮምቦን፣ ከኋላ ኪቦርድ አለን ብለሃል። ኖታው በእጅ ተጽፎ በፎቶ ይመጣል፣ ዜማው በድምፅ መልእክት ይከተላል፣ ልምምድ ላይ ግን ግማሹ ሰዓት «ከምን እንነሳ?» በሚል ክርክር ያልቃል። አብሽር፣ ይህ የተጫዋቾቹ ድክመት አይደለም። ወረቀቱ አንድ ቃና ይናገራል፣ ቀረጻው ሌላ፤ የትኛውን መከተል እንዳለባቸው ደግሞ የትም አልተጻፈም። የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ከአንተ እጅ የሚወጣ ወረቀትም ሆነ ፋይል ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ በራሱ ላይ ተጽፎበት ይውጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው የመሣሪያ ጉዳይ ነው።

የእኛ ትራምፔት የቢ ፍላት መሣሪያ ነው። ወረቀት ላይ ሲ አይቶ የሚነፋ ሰው ለጆሮ የሚያሰማው ቢ ፍላት ነው። ስለዚህ ከኪቦርዱ ጋር እንዲገጥም ኖታው በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ መጻፍ አለበት። ቴነር ሳክሱም የቢ ፍላት ነው፣ እሱ ግን በዚያ ላይ አንድ ኦክታቭ ይጨመርለታል። ትሮምቦኑ በባስ ክሌፍ፣ ምንም ሳይቀየር እንዳለ ይጻፋል። አንዱን የኪቦርድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለሁሉም ማደል የማይሠራው ለዚህ ነው።

ይህን ስሌት ሚዩዝስኮር የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ራሱ ይሠራልሃል፤ ነፃ ነው። የምታወርደው ግን ዶት ኦርግ ከሚለው አድራሻ ነው። ዶት ኮም የሚለው ሰዎች ኖታ የሚለጥፉበት ሌላ አገልግሎት ነው፤ እዚያ ገብተህ ክፍያ ሲጠይቅህ ፕሮግራሙ የሚሸጥ እንዳይመስልህ። 4ኛው ትውልድ ዊንዶውስ 10ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያለህ ያረጀ ኮምፒውተር ከሆነ 3.6.2ን ጫን፤ ለአንተ ሥራ ይበቃል። በ4 የተቀመጠ ፋይል በ3 እንደማይከፈት ግን አትርሳ። እኔና አንተ ስንላላክ ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል በሚባለው ዓይነት አውጥተን እንላክ፤ ይህን ሁሉም የኖታ ፕሮግራም ያነበዋል። ፊናሌ በሚባለው የኖታ ፕሮግራም የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ያሉት ወዳጅ ካለህም ሳይውል ሳያድር ወደዚሁ ይቀይራቸው፤ ሠሪው ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፕሮግራሙን ማሳደግ ማቆሙን አስታውቋል።

አዲስ ኖታ ስትከፍት መሣሪያውን «የቢ ፍላት ትራምፔት» ብለህ ምረጥ። በ4 ከገጹ ግርጌ፣ በ3 ደግሞ ከላይ «ኮንሰርት ፒች» የሚል ቁልፍ አለ። እሱ ሲበራ የሁሉም ኖታ በኪቦርዱ ቃና ይታያል፣ ሲጠፋ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ያያል። አብርተህ ጻፍ፣ ከማተምህ በፊት አጥፋ። ሳይጠፋ ፒዲኤፍ የወጣ እንደሆነ ትራምፔቶቹ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብለው ይነፋሉ፣ ልጆቹም ጥፋቱን ከንፈራቸው ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የትራምፔቱን መነሻ ምልክት፣ ማለትም መስመሩ መጀመሪያ ላይ የተደረደሩትን ሻርፕ ወይም ፍላቶች፣ ከትሮምቦኑ ጋር አስተያይ። የትራምፔቱ በሁለት ሻርፕ መብለጥ ወይም በሁለት ፍላት ማነስ አለበት። እኩል ከሆኑ አትላከው።

አራቱን ቅኝቶች ከኪቦርዱ ሲ አስነስቼ ልጻፍልህ፤ ባቲም አምባሰልም የደጃችን ስሞች ናቸውና ወረቀታቸው ሊያጣላን አይገባም። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ለትራምፔት ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ይሆናል። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው፤ ለትራምፔት ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሆን ለትራምፔት ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ይሆናል። የአምባሰል መነሻ ምልክት ለኪቦርድ 4 ፍላት፣ ለትራምፔት 2 ፍላት ቢደረግ ምንም አይጎድለውም። አንቺሆዬ ግን አስቸጋሪ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ስለሆነ የትኛውም የተለመደ መነሻ ምልክት በልኩ አይገጥመውም። እኔ መነሻውን ባዶ ትቼ ፍላቶቹን በየኖታው ላይ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ ለትራምፔት ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ብለህ ጻፈው። ማሲንቆውና ዘፋኙ እነዚህን ድምፆች ከኪቦርዱ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማድረጋቸው አይቀርም። ወረቀቱ ያንን አይዝም፤ እሱን ቀረጻው ነው የሚነግራቸው።

ባቲን ከሲ ስታስነሳ ለትራምፔቱ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከመስመሮቹ ሥር ያለችው ዲ በአንደኛና ሦስተኛ ቫልቭ፣ ሲ ሻርፕ ደግሞ በሦስቱም ትነፋለች። ቫልቮች አንድ ላይ ሲጫኑ የተጨመረው ቱቦ ድምር ከሚያስፈልገው ርዝመት ስለሚያንስ ሁለቱም ድምፆች ወደ ላይ ይወጣሉ። ለዚህ ነው የሦስተኛው ቫልቭ ስላይድ ላይ የጣት ቀለበት የተሠራለት፦ ለዲ በግራ እጅ የቀለበት ጣት ትንሽ ገፋ፣ ለሲ ሻርፕ የበለጠ ገፋ። ስላይዱ ደርቆ የተጣበቀ ከሆነ ልጁ የፈለገውን ያህል ቢለማመድ አይስተካከልም፤ መጀመሪያ ይጸዳ፣ ይቀባ። ዜማውን አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግም ያቀላል፣ ግን ዘፋኙ ላይ ይጋፋል።

ዘፋኙ «ከሲ ሻርፕ ካልሆነ አልዘፍንም» ካለ አትከራከር፤ ዲ ፍላት ብለህ ጻፈው። ያኔ ለትራምፔቱ ኢ ፍላት፣ 3 ፍላት ብቻ ይሆናል። በሻርፕ ከጻፍከው ግን ሊነበብ የማይችል ወረቀት ይወጣል።

ምቱ ጭክጭካ ሲሆን 6/8 አድርገው፣ 3/4 አይደለም። በ3/4 ከተጻፈ ሜትሮኖሙ ሦስት ይመታል፣ አጃቢው ደግሞ በሁለት ይረግጣል።

ግጥም ከሥሩ ስታስገባ ኮንትሮልና ኤል ተጫን። ወደሚቀጥለው ኖታ የሚያሻግረው ባዶ ቦታ ነው፣ የአንድ ቃል ክፍሎችን የሚያያይዘው ጭረት። ፊደሉን ሁሉ ለየብቻው አትበትን። «መንገድ» አራት ፊደል ቢሆንም ሲዘፈን ሁለት ነው፤ «መን» ጭረት «ገድ» ብለህ ለሁለት ኖታ ስጠው። የግጥሙን ፎንት ከስታይል ገብተህ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርገው፤ ያለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ለተጫዋቾቹ እሱን ላክ። መብራት እንደልቡ ስለሚሄድ ፕሮግራሙ በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ መሆኑንም ከምርጫዎቹ ገብተህ አረጋግጥ።

በእጅ የተጻፉትን ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተር የሚያነብ ፕሮግራም ጠይቀሃል። ኦዲቬሪስ የሚባል ነፃ አለ፤ የሚያነበው ግን የታተመ ኖታ ነው፣ ያውም በ300 ዲፒአይ በደንብ ስካን ከተደረገ። የእጅ ጽሑፍ ላይ ጊዜህን አታጥፋ፣ እንደገና መጻፉ ይፈጥናል። ሚዩዝስኮር ላይ የኮምፒውተሩ ፊደሎች ኖታውን፣ ቁጥሮቹ ርዝመቱን ይሰጡሃል፦ 5 ሩብ ኖታ፣ 4 የስምንተኛ፣ 6 ግማሽ፣ 0 ዕረፍት። ከለመድከው ከእስክሪብቶ አያንስም። ለማሠልጠኛ የሚሆን የቆየ ኖታ ከፈለግህ አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው የኖታ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ተመልከት፤ የባለመብትነት ዘመናቸው ያለፈ ሥራዎችን በነፃ ያወርዳል፣ እ.ኤ.አ. በ1864 የወጣው የአርባን የትራምፔት ማሠልጠኛም አለበት። የአገራችን ዘፈኖች ግን ሌላ ነገር ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ለልምምድ የጻፍከውን በአደባባይ አትበትን።

ወደ ቀረጻው እንምጣ። ስልኩን ከትራምፔቱ ደወል፣ ድምፁ ከሚወጣበት ሰፊ አፍ፣ ፊት ለፊት አታስቀምጥ። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገህ፣ ከደወሉ መስመር ወደ ጎን ወጣ አድርገው። የድምፁን ልክ የሚያሳይ መቅጃ ተጠቀም፤ ጠንካራው ኖታ ከዜሮ በታች በ6ና በ12 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አይጠገንም። ስልኩ ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ምርጫ ካለ አጥፋው፤ ካልጠፋ ዕረፍት ላይ የመንገዱን ጫጫታ ያጎላል፣ ስትነፋ መጀመሪያዋን ኖታ ይውጣታል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የጫጫታ መቀነሻም በልክ አድርገው፤ ሲበዛበት የትራምፔቱ ብሩህነት ጠፍቶ ድምፁ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

እያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ ረጅም የመቃኛ ድምፅ ይኑር፦ የኪቦርዱ ቢ ፍላት፣ ኤ 440 ሲሆን 466 ሄርዝ። ለትራምፔቱ ይህ ክፍት ሲ ነው፣ ያለ ቫልቭ። ከዚያ አራት ክሊክ፣ ከዚያ ዜማው። ይህችን የተወ ቀረጻ አልቀበልም፤ ወዳጅነት እዚህ ላይ አይሠራም።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ አለ። በአየሩ ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የትራምፔቱን ድምፅ ወደ 3 ሴንት ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት መሆኑን አስብ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ያው ትራምፔት እናንተ ጋ ከፍ፣ እኛ ጋ ዝቅ ይላል። ከፍታው ራሱ ምንም አያደርግም፣ ሥራው የሙቀቱ ነው። መሣሪያው በትንፋሽ ሲሞቅ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማንም ቀዝቃዛ ትራምፔት አንስቶ አይቃኝ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይንፋበት። ዋናውን ስላይድ 5 ሚሊ ሜትር ብታወጣ ቱቦው በእጥፉ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ድምፁም ወደ 12 ሴንት ይወርዳል።

ከድሮ ካሴት ዜማ ስታወጣ ከኖታው በፊት ፍጥነቱን አስተካክል። ማጫወቻው ሲፈጥን ድምፁም አብሮ ይወጣል፤ «ባቲ ነው ግን የትም ቁልፍ ላይ አይገኝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አንድ ረጅም የኪቦርድ ወይም የኦርጋን ድምፅ ፈልገህ በመቃኛ ለካ። 50 ሴንት ወጥቶ ከተገኘ ኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትና ፒች አንድ ላይ በሚለወጡበት ኢፌክት 2.85 በመቶ ቀንስ። ፒቹን ብቻ አትለውጥ፣ ምቱ ፈጥኖ ይቀራል። ቴምፖ ብቻውን የሚቀየርበት ሌላ ነው፤ እሱ ለልጆቹ ዝግ አድርጎ ለማለማመድ ይጠቅምሃል።

እየተራራቅን በየተራ የምንቀዳ ከሆነ ጆሮ ማዳመጫው ባለሽቦ ይሁን፤ በብሉቱዝ የሚመጣ ድምፅ ስለሚዘገይ ክሊኩን የተከተለ ሁሉ ከምቱ ኋላ ይቀራል። በኦዳሲቲ ስትቀዳ ደግሞ የመዘግየት ማካካሻውን አንድ ጊዜ ለካው። ክሊክ ትራክ ፍጠርና የጆሮ ማዳመጫውን ማይኩ ላይ ገጥመህ ክሊኩን መልሰህ ቅዳ፤ በሁለቱ መካከል ያየኸውን ልዩነት በሚሊ ሰከንድ አስገባ። ሲጫን የሚመጣው 130 ሲቀነስ ነው፣ የአንተ ኮምፒውተር ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስትልክ በድምፅ መልእክት አይሁን፣ እሱ ጨምቆ ለንግግር ብቻ ያስቀረዋል። በቴሌግራም «ፋይል» ብለህ ላክ፤ ኖታውንም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። ሞኖ ዋቭ በ44.1 ኪሎ ሄርዝና በ16 ቢት በደቂቃ 5 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። ዳታ ካነሰህ ፍላክ አድርገው፣ ምንም ሳይጎድልበት ይቀንሳል። ኤምፒ3 ለመስማት ብቻ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዝምታ ስለሚጨምር ትራኮችን ስትደራርብ አይገጣጠሙም።

የፋይሉ ስም የዜማውን ስም፣ የመሣሪያውን፣ በኪቦርዱ የሚነሳበትን ድምፅ፣ ቴምፖውንና ስንተኛ እርማት እንደሆነ ይያዝ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛ» የሚባል ስም አይምጣብኝ።

መጀመሪያ የአምባሰሉን የሁለተኛ ትራምፔት ፓርት ላክልኝ፤ ኤክስኤምኤሉንና ፒዲኤፉን አብረህ። የትሮምቦኑን መስመር እኔ ሞልቼ እመልሰዋለሁ። የቴነሩ ሰው በየትኛው ኦክታቭ እንደሚመቸው ጠይቀውና ጻፍልኝ፤ ያንን ሳላውቅ ሦስተኛውን ድምፅ አልጽፍም። ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ