ከበረዶ ሥር ስለሚኖረው አኻያ

ኡፕሳላ፣ ሐምሌ 10

ውድ ወንድሜ ታደሰ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹ ደህና? ከተጻጻፍን ስንት ክረምት አለፈ! በመሃል ስንት ነገር ሆነ፤ እዚያም፣ እዚህም። እሱን በስልክ እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ዛፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለመስክ ሥራ ስሜን ስንወጣ ሌላው ሁሉ ዋልያና ጭላዳ ሲፈልግ አንተ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ስለዚህ ይህን ካንተ ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም።

ሰሞኑን አቢስኮ ደርሼ መጣሁ። ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር የሚኬድበት ሩቅ ቦታ ነው፤ ከአርክቲክ ክበብ እንኳ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ያልፋል። በዚህ ወር ሌሊቱ አይጨልምም። ከተራራው ላይ ወጥቼ፣ ጎድጎድ ብሎ በረዶ ገና ያልለቀቀው ቦታ ስደርስ አገኘሁት። መንገደኛው ሁሉ ረግጦት ያልፋል። አይፈረድበትም፤ ማን ዛፍ ነው ብሎ ይጠረጥራል?

አኻያ ነው። አዎ፣ ወንዝ ዳር ሥሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚያድገው፣ መፋቂያ የምንቆርጥለት የእኛው አኻያ ዘመድ። የሳይንስ ስሙ ሳሊክስ ሄርባሴያ ይባላል። ቁመቱ ከ1 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሊኒየስ ከዛፎች ሁሉ ትንሹ ብሎታል። ያ የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ አሰያየም አባት እያልን ትምህርት ቤት ስሙን ስንሸመድደው የኖርነው ሊኒየስ እኮ የዚህ የኡፕሳላ ሰው ነው። በ1732 እ.ኤ.አ. ገና የ25 ዓመት ወጣት ሆኖ ከዚህ ተነስቶ ላፕላንድን፣ ማለትም የሰሜኑን ጫፍ አገር፣ ዞሯል።

ጉልበቴን እርጥቡ መሬት ላይ ተክዬ በማጉሊያ መነጽር አየሁት። ከእያንዳንዷ ቀንበጥ ጫፍ ሁለት ቅጠል ወጥቷል፤ አንዳንዴ ሦስት። ክብ ናቸው፤ ስፋታቸው ከ2 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ያብረቀርቃሉ። ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ አለው፣ የደም ሥራቸው እንደ መረብ ተያይዟል። በሁለቱ ቅጠሎች መሃል አበባው ተቀምጧል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው የሚበቅሉት። ወንዴው ቢጫ ብናኝ ይዟል፣ ሴቴው ላይ ቀላ ያሉ የፍሬ ከረጢቶች ይታያሉ። ሲፈነዱ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያለው ዘር ይወጣል፣ ነፋስ ይወስደዋል። አፈሩን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ደግሞ ግንዱና ቅርንጫፉ ታች ተጋድሞ አገኘሁት። እንጨት ነው፣ እውነተኛ እንጨት! ከላይ የሚታየው የቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ነው። አንድ መስክ ሙሉ የተለያየ ተክል የመሰለህ፣ ከሥር ሲታይ አንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርህ። በረዶው ከጠርዙ እየቀለጠ ወደ መሃል ይሸሻል። እኔ በቆምኩበት ቀን ከበረዶው ጥግ ያለው ገና ቡቃያውን መክፈቱ ነበር። ጥቂት እርምጃ ወጣ ሲል ያለው ያብባል። ከዚያ ራቅ ያለው ፍሬ ይዟል። አንድ ቦታ ቆመህ የዚህን ዛፍ በጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየዋለህ። ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ነውና አይዘገይም።

የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከበረዶ ሥር ነው። እኔም መጀመሪያ አሳዘነኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በረዶው ለእሱ ጋቢ ነው። ከላይ አየሩ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ፣ ከወፍራም በረዶ ሥር ያለው መሬት ለዜሮ የቀረበ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከበረዶው በላይ ብቅ ያለ ቅርንጫፍ ግን ነፋስ በሚያበረው የበረዶ ፍንጣሪ ይጋጣል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ዝቅ ማለቱ ነው ያኖረው።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፣ ታደሰ። ስዊዘርላንድ ውስጥ በዳቮስ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ተመራማሪዎች ይህንኑ አኻያ ተከታትለውታል። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ተክሉ ይጎዳል። ሰው ሙቀት ስለመጣ ይመቸዋል ብሎ ያስባል። እሱ ግን ቀድሞ ይነቃና ለጋ ቅጠሉን ከከፈተ በኋላ የፀደይ ውርጭ ይደርስበታል። ከታች ደግሞ ሣሩና ረጃጅሙ ቁጥቋጦ ሙቀቱን ተከትሎ ወደ ላይ እየወጣ ጥላ ይጥልበታል። እሱ ወደየት ይሸሽ? ከተራራው ጫፍ በላይ መሬት የለም። ሬንዲር የሚባለው የሰሜን አጋዘንም ቅጠሉን ይግጣል፤ የዚህ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚ አርቢዎችም ሬንዲሮቻቸው በበጋ የሚሰማሩበት ቦታ ይኸው ነው። ትንሽ ነው ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ይህ ዛፍ ሜዳ ላይ ነበር። ናቶርስት የሚባል ስዊድናዊ ሳይንቲስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስኮኔ ውስጥ፣ ማለትም ዛሬ ስንዴ በሚዘራበት ደቡብ ስዊድን፣ ከጥንት ሸክላ አፈር ውስጥ የእነዚህን የዋልታ አኻያዎች ቅጠል አገኘ። አየሩ ሲሞቅ ሜዳውን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ተራራ ወጡ። ዘመዱ የአርክቲክ አኻያ ደግሞ ግሪንላንድ ውስጥ 236 ዓመት የሞላው ተገኝቷል፤ እሱም መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው።

ያን ጊዜ ስሜን ላይ ከጅብራው ሥር ቆመን ቀና ብለን ስናይ ትዝ ይለኛል። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ ግን እዚያ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ለወራት የሚተኛ በረዶ የለም። ጅብራው ቀና ብሎ ያድጋል፤ እዚህ ሁሉም ይተኛል። ሁለቱም ቦታ የሚኖር አንድ ተክል ግን አለ፤ አራቢስ አልፒና። ነጭ፣ አራት የአበባ ቅጠል ያለው ትንሽ አበባ ነው። አቢስኮ አለ፣ ስሜንም አለ። መነሻው ትንሿ እስያ (የዛሬዋ ቱርክ) መሆኑን የዘረ መል ጥናት ያሳያል፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ እኛ ሄደ።

እና አንድ ነገር ላስቸግርህ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ተማሪዎችህን ይዘህ ወደ ቧሂት ስትወጣ፣ ይህን አራቢስ እርጥብ ዓለት ሥር ፈልግልኝ። ካገኘኸው ማስመሪያ አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳልኝ፤ ከፍታውንም ጻፍልኝ። የእኔን አቢስኮ ያነሳሁትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ አኻያውም አለበት።

ስልኬ ያው ነው፣ አልተቀየረም። ቅዳሜ ማታ ቤት አለሁ፣ ደውልልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ዳዊት