ጀርባቸውን የሰጡህ ወፎች

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ለውድ ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ አባቴ። እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትህንም ሳሉ ለቆታል። ለገና ስትመጣ ካሜራህን ይዘህ ፎገራ ልትወርድ እንዳሰብህ ነግረኸኛል። ደስ ብሎኛል። መንገዱ ሰላም ከሆነ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ የምነግርህ አለኝ። በስልክ ስትሆን ትቸኩላለህ፤ ለዚያ ነው የጻፍኩልህ።

ባለፈው ጥር ያነሣሃቸውን የክሬኖቹን፣ የእነዚያን እግረ ረጃጅም ስደተኛ ወፎች፣ ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቀለማቸውም ያምራል። ግን ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ወፎቹ በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውሃል። የአንዱም ፊት አይታይም። ወፍ እንዲህ የሚሆነው ሲሸሽ ነው። አንተና ጓደኞችህ ወደ እነሱ ሄዳችኋል፤ እነሱም ተነሥተዋል። መንጋ ግር ብሎ ሲነሣ ፎቶው ሞቅ እንደሚል አውቃለሁ። ብዙ ሰውም የሚወደው እሱን ነው። እኔ ግን አልወደድኩልህም።

እነዚህ ግራጫ ክሬኖች የመራቢያ ቤታቸው እኛ ጋ አይደለም። የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረግ ነው። እዚያ ብርዱ ሲጠና ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው ጣና ዳር ይደርሳሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይገባሉ፤ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። እዚህ የሚመጡት ሊበሉና ሊያርፉ ነው። ከታጨደ ማሳ ላይ የሚለቅሟት ጥሬ ለመመለሻው መንገድ ስንቃቸው ናት። ባስነሣሃቸው ቁጥር ከዚያች ስንቅ ትቀንስባቸዋለህ። ከአንተ በኋላ ደግሞ ሌላ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ቀጥሎ ውሻ፣ ቀጥሎ ወንጭፍ የያዘ ማሳ ጠባቂ ልጅ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ያልቅባቸዋል።

ልጆቻቸውንም ይዘው ነው የሚመጡት። ይኼን ልብ ያልከው አይመስለኝም። ትልልቆቹ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ነው፤ አናታቸው ላይ ቀይ አለ። የዘንድሮ ልጅ ግን ራሱ ገና ቡናማ ነው፤ ከእናትና ከአባቱ መሀል አይጠፋም። ድምፁም ይለያል። ትልልቆቹ እንደ መለከት ይጮኻሉ። የአየር ቧንቧቸው ረጅም ነው፤ ደረት አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ይጠመዘዛል፤ ለዚህ ነው ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማው። ልጁ ግን ገና ቀጭን ፉጨት ነው ያለው። ጸጥ ብለህ ብትቀመጥ ሁለቱን ለይተህ ትሰማቸዋለህ። በግርግር ግን ምንም አትሰማም።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ አትከተላቸው፤ መንገዳቸው ላይ ቀድመህ ጠብቃቸው። ሌሊቱን ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው። ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳ ይበርራሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተመልሰው ወደ ውኃው ይመጣሉ። ሸሸርና ወላላ ረግረጎች አካባቢ አንድ ምሽት ዝም ብለህ ብታይ በየት በኩል እንደሚመጡ ይገባሃል። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ቀድመህ እዚያ ተቀመጥ። ፀሐይዋ ከኋላህ ትሁን። ጋቢ ደርብ፤ እረኛውንም ገበሬውንም በጋቢ ነው የሚያውቁት። የሹተሩን ፍጥነት 1/1600 ሰከንድ አካባቢ አድርገው፤ ፎከሱን ዓይናቸው ላይ ያዝ። ያኔ ራሳቸው በላይህ ያልፋሉ። ፊታቸውን ታገኛለህ።

ማሳ ላይ ካገኘሃቸው ደግሞ አንገታቸውን ተመልከት። እየበሉ ከሆነ ምንም አይደለም። አንዱ መልቀሙን ትቶ አንገቱን ቀጥ ካደረገ ቁም። ሁለት ሦስቱ ከደገሙት ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተመለስ። የጓደኛህ ድሮን ደግሞ እዚያ አይነሣ። ይኼን እንደ ልመና ሳይሆን እንደ እናት ትእዛዝ ውሰደው።

ማሳው የሰው መሆኑንም አትርሳ። መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ በል፤ አስፈቅድ። ገበሬው ክሬን ሲያባርር ብታይ በክፉ አትየው። ሽምብራው ገና በቡቃያ ሳለ ወፉ ከነቀለው ልጆቹን የሚያበላው ምንድን ነው?

እጅህን ለማፍታታት ከከተማ መውጣት አያስፈልግህም። ጧት ሐይቁ ዳር ውረድ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ዓሣ የሚያጸዱበት ቦታ ፔሊካኖቹ ሰው ለምደዋል። ነጭ ስለሆኑ ፀሐይ ሲመታቸው ላባቸው ፎቶው ላይ ይጠፋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ቀንስለት። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን ሲያራግብ ጠብቅ፤ ከዚያ ነው ተወርውሮ የሚጠልቀው። በደንገል ታንኳ ከሄድክ ከውኃው እኩል ስለምትሆን ፎቶህ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ጣቱ ረጃጅም የሆነው፣ የውኃ ቅጠል ላይ የሚራመደው ወፍ የሚገኘውም በዚህ ነው። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው! ይኼ ሁሌም ይገርመኛል። ዓባይ መውጫው ጋ ግን ጉማሬ አለ። ባለታንኳው አይሆንም ካለህ አይሆንም ነው። የብስ ላይ ካገኘኸውም በእሱና በውኃው መሀል እንዳትገባ።

ባለዘውዱን ክሬን ደግሞ ለብቻው ልንገርህ። እሱ የራሳችን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ይኖራል። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጎጆውን የሚሠራው በክረምት፣ ረግረግ ውስጥ ነው። ለክረምት ዕረፍትህ ከመጣህና ጎጆ ካገኘህ አትጠጋው። ቦታውንም በፌስቡክ አትለጥፍ። እንቁላሉንም ጫጩቱንም የሚወስድ አይጠፋም። ጥንዶቹ ሲጨፍሩ ከሩቅ ካነሣህ ይበቃሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምርልኝ። ወፉን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም አንሣው። ጣና በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለት ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ ስፍራ፣ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ረግረጉ ግን እየጠበበ ነው። ጥርና የካቲት ላይ ውኃው ሲሸሽ በሞተር እየተሳበ ለመስኖ ይሄዳል። እርሻውም ከሥር ከሥሩ ይከተላል። እምቦጭም አለ። ሐምራዊ አበባው ፎቶ ላይ ያምራል፤ ለዚያ ብለህ ግን አታንሣው። ውኃውን ሸፍኖ ታንኳ አላስኬድ ሲል፣ ሰው ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አንሣው። ከዓመት ዓመት ከአንድ ቦታ ቆመህ ብታነሣ ልዩነቱን ማንም ያየዋል። እንዲህ ያለ ፎቶ ከሚበርር መንጋ ይልቅ ለወፎቹ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ቦቲ ጫማ ይዘህ ና። ውኃው ውስጥ በባዶ እግርህ እንዳትገባ፤ ቢልሃርዝያ አለ። የወባ ነገርም ስላለ አጎበር ዘርግቼ እጠብቅሃለሁ። የርቀት መነጽሬን ለአንተ አዘጋጅቻለሁ፤ መጀመሪያ በእሱ እናያለን፤ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይወጣል። የምትመጣበትን ቀን ቀደም ብለህ ንገረኝ፤ ባለታንኳውን ላናግረው። ባለፈው ጥር ያነሣሃቸውንም ፎቶዎች አታጥፋቸው። በቴሌግራም ስትልካቸው ጥራታቸው ስለሚቀንስ በፋይል ላክልኝ። ቡናማ ራስ ያለው ልጅ ከመሀላቸው እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።

እናትህ